በነፃ የተሰናበተችው ሰኪና

ዋርሳ የሚለው ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ነው፤ የባል ወንድም ማለት ነው። አሰላ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ እየቀላቀልን ያደግን ሰዎች ቃሉን ከየትኛው እንደወሰድነው ጠይቀን አናውቅም። ሰኪና ናት አንድ ቀን የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ «ሰማኸው? ዋርሳ ሲሉ እኮ ውስጡ መውረስ አለ። ስም ሲያወጡለት ነው ነገሩን የጨረሱት» ያለችኝ።

ሰኪና የሾፌሩ የሁሴኖ ሚስት ነበረች። ቤቷ ከገበያው በታች ሲሆን ከእኛ ቤት ጋር አንድ አጥር ይጋራል። አባቴ ፖስታ ቤት ተመድቦ ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ እሷ ደግሞ የሰፈሩን ሴቶች ቀሚስ የምትሰፋ ባለሙያ። ሁሴኖ ስንዴ ጭኖ ወደ ናዝሬት ይወርዳል፤ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይመለሳል። ቤቱ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ጥቂት ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. መስከረም፣ መንገዱ ገና ጭቃው ሳይደርቅ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እንቢ አለውና ከነጭነቱ ገደል ገባ። ልጅ አልነበራቸውም።

በጎሳው ልማድ ሟች የተወውን ሚስት ወንድም ይወርሳል። የሁሴኖ ወንድም ቱሳ በጭላሎ ግርጌ ገብስ የሚያርስ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነበር። ከጓሮው ለሰኪና የምትሆን ጎጆ መሥራት የጀመረው የሐዘኑ ጊዜ እንዳበቃ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን ያባሰውም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ አብሯት የሚጠላው ሰው ታገኝ ነበር። ቱሳን ግን የሚጠላ የለም። ሲመጣ ማር ይዞ ይመጣል፣ አጥሯን ይጠግናል፣ «የወንድሜ ሚስት፣ ደህና አደርሽ?» ይላል። ሰኪና ግን አልፈለገችውም። የቱሳ ሁለተኛ ሚስት ሆና ገብስ ከምታርም፣ ጎበሳ እህቷ ፋጡ ዘንድ ሄዳ ገበያው ዳር ስፌቷን ብትሠራ ትመርጣለች። የምትፈልገው ይህን ብቻ ነበር።

ቃዲው ዘንድ ሄደች። «በሸሪዓ ያለ ፈቃድሽ ማንም አያገባሽም» አሏት። ይህን ቃል ይዛ ወደ ጎሳው ሽማግሌዎች ተመለሰች።

ሽማግሌዎቹም፣ «ቃዲው ልክ ናቸው። እኛም ፈቃድሽን ነው የምንጠብቀው» አሉ።

መጠበቅ ያውቁበታል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አርብ፣ ከሶላት ሲወጡ፣ መጥተው ግቢዋ ይቀመጣሉ። አይቆጡም፣ አያስፈራሩም። «ፈቀድሽ?» ይላሉ። «አልፈቀድኩም» ስትል፣ «አላህ ያግራልሽ» ብለው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው አርብ ይመጣሉ። የገዛ ወንድሞቿ እንኳ የጥሎሿን ከብት ተካፍለው ጨርሰዋልና፣ «እንግዲህ እሺ በይና ይብቃ» ከማለት በቀር አፋቸውን አልከፈቱም።

እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ቤት ነበርኩ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠራችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፋኖስህ አይጠፋም። ከማን ጋር ነው የምታድረው?»

«ከመጽሐፍ ጋር ነው፣ እትዬ ሰኪና።»

«እሱስ አያንኮራፋም። ምን ይልሃል?»

መጽሐፉን ሕንዳዊው የሒሳብ አስተማሪያችን ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠኝ ነው። ታሪኩን ነገርኳት። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ከሚሠራው ድልድይ ላይ ወድቆ ወንዝ ይወስደዋል። ሚስቱ ብቻዋን ትቀራለች። አንድ ምሽት በሩ ላይ ቆሞ ታገኘዋለች፤ ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል። ግባ ካላለችው አይገባም። ግባ ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ይመጣል፤ በሕይወት ሳለ ያልነገራትን ፍቅር ሁሉ ይነግራታል።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ፣ እሷ ስትሰፋ እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላት ጀመር። መጀመሪያ የተቸገርነው ሰውየውን ምን ብለን እንደምንጠራው ነው። መንፈስ አልኳት።

«መንፈስ የናንተ የቤተ ክርስቲያኑ አይደለም?»

«እንግዲያው ጂን እንበለው።»

«ጂን ሰው ሆኖ አያውቅም። ይኼ ባሏ ነው።» ጥቂት አሰበችና፣ «ኤኬራ ነዋ!» አለች። በአርሲ ኦሮምኛ የሞተ ሰው መንፈስ ማለት ነው። «እንደዚያ በልና! ሲገባ ሰላምታ ይሰጣል?»

«ይሰጣል።»

«ትመልስለታለች?»

«ትመልሳለች።»

«ሞኝ ናት። ሰላምታ የመለሱለት እንግዳ መች ይወጣል!»

ይህን ብላ ሳቀች። ሁሴኖ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ የመጣው አርብ ለሰኪና የሁሉ ነገር መነሻ ሆነ። ሁሴኖ የሚለብሰው ወፍራም የወታደር ካፖርት ነበረው፤ ብል እንዳይበላው ጠዋት አጥባ፣ ዝናብ ስለመጣባት ወደ ውስጥ አስገብታ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቅላው ነበር። ሽማግሌዎቹ በዝናቡ ምክንያት ግቢ መቀመጥ ስላልቻሉ ቤት ገቡ። ከሁሉም በዕድሜ የገፉት ሀጂ ሀሰኖ እንደተለመደው፣ «ልጄ፣ ፈቀድሽ?» አሏት። ቱሳ ከጎናቸው ቆሟል። እግሩ ሥር ውሃ አየ። ቀና ሲል ካፖርቱ ጠብ ጠብ ይላል።

«ይኼ የሁሴኖ አይደለም?» አለ። «ለምን ረጠበ?»

ሰኪና በኋላ እንደነገረችኝ፣ አጠብኩት ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«አሁን ገባ» አለች።

«ማን?»

«ሁሴኖ። ከቤት መች ወጣና! በየምሽቱ ይመጣል። ባሌ ቤቱ እያለ ማንን ነው የምፈቅደው?»

ቱሳ ከበሩ ወጣ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት። በሚቀጥለው አርብ ማንም አልመጣም።

ወሬው ከገበያው ቀን በፊት ከተማውን አዳረሰ። ሼኹ፣ «ሙት አይመለስም፤ የመጣው በመልኩ የመጣ ጂን ነው» ብለው አስተማሩ። ይህ ግን ቱሳን አላጽናናውም፤ ኤኬራም ሆነ ጂን፣ እዚያ ቤት ገብቶ ሴት ይዞ የሚወጣ ወንድ አልነበረም። ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ሀሊሜ ብቻ ደፍራ በመስኮት ጠየቀቻት።

«እውነት ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«ምን ይላል?»

«ምን ይላል፣ እራት ይላል።»

«ከሞተ በኋላም?»

«ወንድ አይደል!»

ሀሊሜ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ቢሆንም በበሩ አልገባችም።

ሰኪና ያሸነፈች መስሏት ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ውሸት ግን ቤት ከሆነ በኋላ ኪራይ ይጠይቃል። ሰው በአጥሩ ሲያልፍ ጮክ ብላ ማውራት ነበረባት። ካፖርቱን በየጊዜው እያረጠበች መስቀል ነበረባት። ለኢድ የወንድ ሸሚዝ መስፋት ነበረባት፤ ሰፍታም ሰቀለችው። ቀሚስ የሚያሰፉት ሴቶች ጨርቁን በአጥር ላይ ይወረውሩላታል፤ ልኬታቸውን በአፍ ይነግሯታል፤ በልኬት ጉድለት ደግሞ ይቆጧታል። ጎረቤቶቿ ቤቷ ቁጭ ብለው ጠጉር የሚሠሩበት ጊዜ አለፈ።

የባሰው ግን ከቤቱ መውጣት አለመቻሏ ነው። ፋጡ እዚያው ጎበሳ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ልካባት ነበር።

«እንዴት ልሂድ?» አለችኝ። «ባሏ ቤት ያለ ሴት ቤቷን ዘግታ አርባ ቀን አራስ ታርሳለች? ከሄድኩ ባሌ የለም ማለት ነው። ባሌ ከሌለ ቱሳ አለ።» ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። «ሁሴኖ በሕይወቱ እንዲህ አላሰረኝም። ሾፌር አልነበር? ይሄድ ነበር። አሁን እኮ ጭራሽ አይወጣም!»

መጽሐፉን የጨረስነው በዚያ ሰሞን ነው። መጨረሻው ላይ መሐንዲሱ ሚስቱ እየከሳች፣ ቤቱ ውስጥ ከሱ ጋር እየተቀበረች መሆኗን ያያል። «በሩን ክፈቺልኝ፤ ከእንግዲህ ግባ አትበይኝ» ይላታል። ይሄዳል። እሷ ሲነጋ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ባቡር ትሳፈራለች። እዚያ ላይ ያበቃል።

ሰኪና መኪናውን ማሽከርከር አቆመች።

«እሱ ሲሄድ ሊወርሳት የመጣ የለም?»

«የለም። በዚያ አገር ዋርሳ የለም።»

«ባቡሩስ የት ነው የሚወስዳት?»

«አልተጻፈም።»

መጨረሻውን ድገምልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት።

በ1952 መጋቢት፣ የረመዳን ጾም በተፈታ ሳምንት፣ ናዝሬት ሲኒማ ቤት ያለው አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ፊልም ይዞ እንደሚመጣ ተሰማ። በጣሊያን ጊዜ የተሠራው የእህል መጋዘን ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ፤ ድልድይ፣ ጭጋግ፣ ካፖርት የለበሰ ሰው። የኛው መጽሐፍ ነበር። ከሥሩ «ከታወቀው መጽሐፍ የተሠራ» ይላል። ሄጄ ነገርኳት።

«ከመጽሐፉ ከሆነ መጨረሻውም የመጽሐፉ ነው» አለች። ዓይኗ በራ። «አገሩ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይየው። ሙት ሚስቱን ለቅቆ እንደሚሄድ በዓይኑ ይይ። ከዚያ ሁሴኖም እንዲሁ ለቀቀኝ እላለሁ። ቱሳ ሽማግሌ እስኪሰበስብ ጠዋት የጎበሳው ጭነት መኪና ላይ ነኝ።»

የስፌት መኪናዋን ከእግሩ ፈትታ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው።

መጋዘኑ ከመግሪብ በኋላ ሞላ። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ፤ ሀጂ ሀሰኖ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል፤ ቱሳ ከኋላቸው ቆሟል። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የሚመልሰው ከጎንደር የተመደበው የጠቅላይ ግዛቱ ጸሐፊ ፍሰሐ ነው። የሱን አማርኛ ወደ ኦሮምኛ የሚመልሰው ደግሞ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ዲሪባ። ዲሪባ ዕድሜውን ሙሉ ከችሎት ቃል በቀር ተርጉሞ አያውቅም፤ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ዳኛ ፊት እንዳለ ነበር የሚናገረው።

ሸራው ላይ ካፖርቱ የሚያንጠባጥብ ሰው በር ላይ ሲቆም መጋዘኑ ባንድነት ትንፋሹን ሳበ።

«ሁሴኖ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ራስ ሁሉ ወደ ሰኪና ዞረ። እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አድርጋ ፊቷን ከሸራው አልነቀለችም።

ፍሰሐ፣ «ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት ይላታል» አለ።

ዲሪባ ቀጠለ፤ «ሟች ቀርቦ፣ የመጣበት ምክንያት ናፍቆት መሆኑን አስረድቷል።»

«ሳልነግርሽ መሞቴ ያቃጥለኛል ይላል።»

«ሟች በሕይወት ሳለ ቃሉን ባለመስጠቱ ተጸጽቷል።»

«ዲሪባ፣ ዋስ ጠራ?» አለ አንድ ሰው። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ዲሪባ አልሳቀም፤ «ጸጥታ ይከበር!» አለ።

ሰኪና የምትጠብቀው ቦታ ደረሰ። ሴትዮዋ ከስታለች፣ ታማለች። አሁን በሩን ክፈቺልኝ ይላታል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። እሷ ከአልጋዋ ተነሣች፤ በባዶ እግሯ፣ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ወደ ወንዙ ሄደች። እሱ ድልድዩ ላይ ቆሟል። ወደ ውሃው ወረደች። ከዚያ አልጋው ላይ ሰውነቷ ተዘርግቶ ሰዎች ሲያለቅሱላት ታየ፤ እሷ ግን ድልድዩ ላይ ሳቅ ብላ ከሱ ጎን ቆማለች። እጇን ያዘ። አንድ ነገር ነገራት። ወደ ጭጋጉ ገቡ። ሙዚቃው ጨመረ። ባቡር የለም፣ ሻንጣ የለም።

ፍሰሐ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አሁን ነፃ ነሽ ነው የሚላት» አለ።

ዲሪባ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነፃ የሚለውን ቃል የሚያውቀው ባንድ መንገድ ብቻ ነው።

«ሟች ሚስቱን በነፃ አሰናብቷታል!»

ድምፁ እንደ ፍርድ ነበር፤ ሰውም እንደ ፍርድ ሰማው። ፋኖስ በራ። ማንም አልተነሣም። ቱሳ ወደ ፊት መጣ።

«ሀጂ፣ ሰሙ?» አለ። «አሰናብቷታል። ሁለት ዓመት ተኩል ፈርቼ ቆየሁ፤ ሙቱ ከለቀቃት ወራሹ እኔ ነኝ። ጎጆዋን ሠርቻለሁ። ሰኪና፣ ተነሽ፤ ዛሬ ከኔ ጋር ነሽ።»

ያሰበችው ሽሽት ለነገ ጠዋት ነበር፤ እሱ ዛሬ አለ። በግራዋ ሴቶቹ፣ በቀኟ ወንዶቹ፤ በሩ አንድ ነው፣ ቱሳ ደግሞ በበሩ በኩል ቆሟል። ሰኪና ተነሣች። ከሱ ጋር የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

«ዲሪባ ጆሯችሁ የሰማውን ነገራችሁ» አለች። «ዓይናችሁስ ምን አየ? ሴትዮዋ የት ሄደች?»

ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ሀሊሜ፣ አንቺ ንገሪኝ። የት ሄደች?»

«ከሱ ጋር» አለች ሀሊሜ ቀስ ብላ።

«አልጋው ላይ የቀረችውስ?»

«ሞታለች።»

«ሞታለች። በነፃ አሰናበተኝ ካላችሁ እንዲህ ነው ያሰናበተኝ። ቱሳ፣ የሞተ ሰው ቤቱ ይወረሳል፣ ዕቃው ይወረሳል። እሱ ራሱ ይወረሳል? የሁሴኖን ቤት ውረስ፤ ቁልፉ ይኸው። የሞተች ሴት ግን ለጎጆህ ምን ትሠራልሃለች?»

ቁልፉን ሀጂ ሀሰኖ እግር ሥር አኖረችው። ሽማግሌው ቁልፉን አዩት፤ ቱሳን አዩት። ቱሳ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሏል። ቤቱ ከተማ ውስጥ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፤ እሷን ከተወ ደግሞ ጎጆው ኤኬራ አይገባበትም። ይህ ሁሉ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«ልጄ» አሉ ሀጂ፣ «ሞቻለሁ ያለ ሰው ይቀበራል።»

«ይቅበሩኝ፣ ሀጂ። ጎበሳ ይቅበሩኝ።»

«የተቀበረ ደግሞ አይመለስም። ለሰርግ የለም፣ ለለቅሶ የለም። የአሰላ ሰው የትም ቢያይሽ በስምሽ አይጠራሽም።»

ሰኪና ሁሉንም አየች፤ ሀሊሜን፣ ሴቶቹን፣ በአጥር ላይ ጨርቅ የሚወረውሩላትን። «እሺ» አለች።

ዲሪባ ሥራው ያላለቀ መስሎት፣ «ሟች መሆኗን ራሷ አምናለች» ሲል ለሕዝቡ አስረዳ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ጠዋት የስፌት መኪናዋን አቅፋ በጎበሳው ጭነት መኪና ሄደች። ካፖርቱን ምስማሩ ላይ ትታው ነበር፤ ቱሳ ቤቱን ሲረከብ በእንጨት አንሥቶ አቃጠለው።

በ1955 በሥራ ጉዳይ ጎበሳ ሄጄ ገበያው ዳር አገኘኋት። ከፋጡ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ። ወፍራለች፤ የምትሰፋው ቀሚስም ብዙ ነው። እናቷ ሞታ ለቅሶ አልደረሰችም፤ አሰላ አካባቢ ነበርና። ከሊፋ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ፣ ሚስቱ የሞተችበት ጨዋ ሰው፣ ዓመት ሙሉ ለጋብቻ ይጠይቃታል። እኔ እዚያ ሳለሁም መጣ፤ አዲስ የመጣ ፖፕሊን አሳያት፣ ዋጋውን ነገራት፣ ጥቂት ቆሞ ሄደ።

«ለምን እሺ አይሉትም?» አልኳት።

«ለኒካሕ ወንድሞቼ መጥተው ይዳሩኝ ይላል። ወንድሞቼ ሊድሩኝ በሕይወት መኖር አለብኝ። በሕይወት አለሁ ካልኩ ደግሞ» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ፔዳሉን ረገጠች። «ያ መጽሐፍህ፣ ያቺ በባቡሩ የሄደችው ሴትዮ፣ የት እንደደረሰች አልጻፉም ብለኸኝ ነበር።»

«አልጻፉም።»

«ባይጽፉ ይሻላል።»

በዚህ መካከል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሀሊሜ ናት፤ ቅቤ ልትሸጥ ከአሰላ መጥታ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ ይዛለች። ሰኪናን አየቻት፤ ዓይኗን መልሳ ፋጡ ላይ አደረገች።

«ፋጡ፣ ደህና ነሽ? ለሟቿ ንገሪልኝ» አለች። «ባለፈው የሰፋችልኝ ቀሚስ እጅጌው ጠቦኛል።»

ሰኪና ከመኪናው ቀና አላለችም። «ፋጡ፣ ለሀሊሜ ንገሪያት፤ እጅጌው አልጠበበም፣ እሷ ናት ቅቤዋን የበላችው።»

ሀሊሜ ከንፈሯን ነከሰች። «ፋጡ፣ ሟቿ ምላሷ አልሞተም በያት።»

«ሀሊሜን ወደዚህ ትምጣ በያት። ሟቿ በአጥር ላይ አልለካም ብላለች በያት።»

ሀሊሜ ገባች። ክንዷን ዘረጋች። ሰኪና ሜትሩን በክንዷ ላይ ጠመጠመችው፤ ልኬቱን አየችው፤ ግን አልፈታችውም። እንደያዘቻት ቆየች። አልተያዩም።

«ፋጡ» አለች ሀሊሜ በመጨረሻ፣ «ሰፋ አድርጊው በይልኝ።»